አራተኛው ሰንሰለት

የጭነት መኪኖቹ ግቢ ሰው ጭነት አሳሪዋን በሌለችበት «አራት ሰንሰለት» ይላታል። በፊቷ ደፍሮ እንዲህ የሚጠራት ከአንድ ሳቂታ ሾፌር በቀር የለም፤ ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው። አንዱ ታስሮ ያላለቀ ጭነት ይዞ ሊወጣ ሲል ጀርባውን ከጭነት ሥር የሚወተፈውን ታኮ እንጨት አቅምሳው ሦስት ቀን በሆዱ ተኝቷል። ይበለው! ከሬሳ ሳጥን የታኮ ሰንበር ይሻላል።

ሥራውን የወረሰችው ከባሏ ነው። ባሏ ረጅም ተሳቢ ላይ የተደረደረ የውሃ ቱቦ ሊያወርድ፣ ታኮ ባልተደረገበት ጎን ቆሞ ገመዱን ፈታ። ቱቦው ተንዶ ደረቱን ደፈጠጠው። እሷ ምሳውን ይዛ ስትደርስ የሚታየው ጫማው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭነት ጠላቷ ነው፤ ጠላት ደግሞ ይታሰራል እንጂ አይታመንም። ቱቦ ሲሆን በየረድፉ ታኮ ትወትፋለች። ባለሁለት ጎማዋ ትንሽ ተሳቢ ስትሆን ክብደቱን ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ታስጠጋለች፤ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢዋ ጭራዋን እየቆላች መኪናውን ገደል ትከተዋለች። ሎቤድ በሚሉት ዝቅ ያለ ተሳቢ ላይ መሬት ቆፋሪው ኤክስካቫተር ሲወጣ፣ ክንዱን አስተኝታ አራቱን ማዕዘን በሰንሰለት ትወጥራለች። ከዚያ እያንዳንዱን ሰንሰለት በብረት ዘንግ ትመታለች። የተወጠረው ይጮኻል፣ የላላው ዱብ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰጣል። አራቱም ሳይጮኹ «ታስሯል» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም።

ታናሽ ወንድሟ የሎቤድ ሾፌር ነው። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸውም ስትሞት አደራ ያለቻት እሱን ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ እሱ በሚነዳው ሎቤድ ኤክስካቫተር ተጭኖ ሦስቱ ሰንሰለቶች ጮኹ። አራተኛው፣ የኋላው፣ ተሰንጥቆ ስለተገኘ ሌላ ከመጋዘን እንዲያመጣ ሰው ተላከ። ወንድሟ ግን ሞተር አስነሳ።

«ውረድ!» አለችው።

«እትዬ፣ ሦስቱ ይበቃል። እስከ አሥር ሰዓት ካልደረስኩ መኪናውን ለሌላ ይሰጡብኛል።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። አንተ ስትፈስ ማን ሊለቅምህ ነው?»

ከመኪናው ፊት ተገተረች። ዘሎ ወረደና አንገትጌዋን ይዞ ከጎማው ጋር አላተማት። «በሰው ፊት ልጅ አታድርጊኝ!» ብሎ በጥፊ አጮላት። ከንፈሯ ተተረተረ፣ ደሙ ደረቷ ላይ ወረደ። ዞሮ የመኪናውን በር ሲይዝ ዓይኗ ላይ የመጣው የባሏ ጫማ ነው። ዘንጉን አንስታ የቀኝ እጁን አንጓ መታችው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ማገዶ ተሰበረ። በዚያ እጅ መሪ እንዳይዝ ብላ ደገመችው።

ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ወንድሟን ተሸክመው ወደ ክሊኒክ ሮጡ። ዘበኛው ዘንጉን ከእጇ መንጭቆ «ለፖሊስ ማስረጃ ነው» እያለ የዘበኛ ክፍሉ ውስጥ ቆለፈበት። ኃላፊው እየተሳደበ ያንን ሳቂታ ሾፌር በወንድሟ ቦታ ጠራው።

ሰንሰለቱ መጣ። አሰረችው፤ ልቧ ያለው ግን ክሊኒክ ነው። እንደ ልማዷ ዘንጓን ፈለገች፣ የለም። ግቢው ሙሉ ብረት ነው፤ ጎንበስ ብላ አንዱን ብታነሳ ምን ነበረበት! በእጇ ነቅነቅ አድርጋ ተወችው።

«አራት ሰንሰለት፣ ታስሯል?» አላት ሾፌሩ።

«ታስሯል።»

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ የላላው ሰንሰለት ከመንጠቆው ወጣ፤ ሌላው የኋላ ሰንሰለት ብቻውን አልቻለም፣ ተበጠሰ። ኤክስካቫተሩ ተንሸራቶ የሾፌሩን ክፍል ጨፈለቀው። ሰውየውን ለማውጣት ብረቱን በመጋዝ መቁረጥ ነበረባቸው።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ መንገዱን ይረግማል። ወንድሟ እጁ በጀሶ ታስሮ አጠገቧ ተቀመጠና «እትዬ፣ የምሞተው እኔ ነበርኩ እኮ! አተረፍሽኝ» ብሎ አለቀሰ። እውነቱን ነው። ዝም ብትል የሚጠረጥራት አልነበረም። እሷ ግን ተነስታ ወደ ሟቹ ሚስት ሄደች፣ እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«ሦስቱን መትቻለሁ፤ አራተኛውን አልመታሁም። ሳልመታው ታስሯል አልኩት።»

ሚስቲቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተወረወረችባት። ፀጉሯን ነጨች፣ በቡጢ ፊቷን ደበደበች፣ የተሰፋው ከንፈሯ እንደገና ተቀደደ። ሰው ሊያላቅቅ ሲሯሯጥ «ተዉኣት» አለች እሷ ከሥር ሆና። እጇን አላነሳችም።

ሚስቲቱ ደክሟት ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። «ታስሯል ስትይው ምን አለሽ?» አለቻት።

ጭነት አሳሪዋ ደሟን በመዳፏ ጠረገች።

«"አንቺ ካልሽማ" አለኝና ሳቀ» አለቻት።