ሦስተኛ ቀን የሌለው ለቅሶ

ከአንድ የቶሮንቶ ሙዚየም ጋር ክርክር የገጠምሁት ጊዜ ስለተረፈኝ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ አሰላ ላይ ሲያርፉ እኔ እዚህ ስካርቦሮ፣ በልጄ በብሩክ አፓርትመንት ውስጥ፣ ከአገር መውጣት በማልችልበት ሁኔታ ላይ በመገኘቴ የተነሣ ነገር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ በመታየት ላይ ነበር፤ ጠበቃችንም "ከወጡ መመለስዎን ማንም አያረጋግጥልዎትም" ብላኛለች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበርሁ፣ "በመታየት ላይ" የሚባል ነገር ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም።

ከቦሌ በተነሣሁበት ምሽት ወንድም ጋሼ ሊሸኙኝ ከአሰላ ድረስ መጥተው ነበር። ሻንጣዬ ሲመዘን ጠጋ ብለው "ሰው ሁሉ ካናዳ ገብቶ አለቀ። እኔ ስሞት ካርታውን ማን ሊበውዝ ነው?" አሉኝ። ለቅሶ ቤት ካርታ መጫወት በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ለቀስተኛው እንቅልፉን የሚያባርርበት መንገድ ነው። በሰፈራችን የእድሩ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ በዋዡ ወንድም ጋሼ ነበሩ። ሳቅሁና ተሰናበትኋቸው።

የአሰላ ብርድ ጠዋት ይቆነጥጥና ረፋድ ላይ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የዚህ አገር ብርድ ግን ይቅርታ አያውቅም። በዚያ ብርድ፣ ማለዳ ላይ፣ ከከተማው ሌላ ወገን፣ ከዳንፎርዝና ከብሉር የተነሡ ወዳጆች በራችንን አንኳኩ። ያን ያህል መንገድ ያን ያህል ማልዶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እኛ እናውቃለን። እኩለ ቀን ሳይሆን ቤቱ በሰው ሞላ። ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሱፐርኢንቴንደንቱ፣ መጣ።

"ፓርቲ ነው?" አለኝ።

"ለቅሶ ነው።"

"ስንት ሰው ጋብዛችኋል?"

"ለቅሶ ላይ ሰው አይጋበዝም፤ ራሱ ይመጣል።"

"ለዚህ እኮ ፓርቲ ሩም አለን። ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቡክ መደረግ አለበት።"

"ሟቹ አላሳወቁንም" አልሁት።

ክፉ ሰው አልነበረም። እጄን ጨብጦ ሐዘኑን ገለጸልኝ፤ ሆኖም ኮሪደሩ የእሳት አደጋ መውጫ ስለሆነ ሰው እንዳይቆምበት አሳሰበኝ። በማግሥቱ ሁሉም ሥራ ነበረው። ለቅሶዬ በአንድ ቀን ተበተነ። ሠልስቱን የዋልሁት ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ መኪና ማቆሚያውን ስመለከት ነው።

ብሩክ ቪዲዮ ጌም ይሠራል። ዘመዶቼ ሲጠይቁኝ "የኮምፒውተር ባለሙያ ነው" እያልሁ አልፍ ነበር። ከመርዶው ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ከፈተና "አባዬ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለኝ። የወንድም ጋሼን ግቢ አየሁ። በማለዳ መርዶ ነጋሪዎች በሩን ያንኳኳሉ፤ ከዚያ ድንኳን ይተከላል፤ ለቀስተኛ ይገባል። ከወንበሮቹ አንዱ ባዶ ነው። የእኔ ወንበር ነው፤ የሚጫወተው ሰው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

ነጥብ የለውም፤ አሸናፊም የለውም። ካርታ ይታደላል፤ ንፍሮ ይዞራል፤ ሰዓቱ እንደ እውነተኛው ሰዓት ይሄዳል። ተጫዋቹ ተነሥቶ ከሄደ የወንድም ጋሼ ባለቤት እትዬ ስንዱ ቀና ብለው ባዶውን ወንበር ያያሉ፤ ሌላ ቅጣት የለበትም። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የእድሩ ሰዎች ካስማውን ይነቅላሉ፤ ድንኳኑ ይታጠፋል፤ ግቢው ባዶ ይሆናል፤ ጌሙም እዚያ ላይ ያበቃል።

ሦስቱንም ቀን ተቀመጥሁ። ብሩክ ምግቤን ሶፋው ድረስ ያመጣልኝ ነበር። ድንኳኑ ሲታጠፍ እኔም ጋቢዬን አጥፌ ተነሣሁ። ከመርዶው ወዲህ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ጌም ሥነ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም ለሚለኝ ሰው መልስ ነበረኝ።

መሐል ከተማ ያለ አንድ ሙዚየም ቪዲዮ ጌሞችን እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ የሚያሳይበት ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ የብሩክም ሥራ ተመረጠ። ለመክፈቻው ክራቫት አሰርሁ። ለዘመዶቼም "ልጄ ሥራው ሙዚየም ገባ" አልሁ፤ የኮምፒውተሩን ነገር ተውሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሲነሣ በቦታው መገኘት ስለሚገባኝ፣ አውቶቡስና ሰብዌይ ይዤ ብቻዬን ተመለስሁ። ደርሼ ያየሁት መርዶ ነጋሪዎቹ በሩን እንደገና ሲያንኳኩ ነው። የዐውደ ርእዩን ኃላፊ አስጠራሁ፤ ትሑት ሴት ነች።

"ማታ ማታ ማሽኖቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ጠዋት ከመጀመሪያው ይነሣሉ" አለችኝ። "እያንዳንዱ ጎብኚ መጀመሪያውን ማየት አለበት።"

"መጨረሻውንስ ማን ያየዋል?"

"ሚስተር ደምሴ፣ ሰው በአንድ ሥራ ፊት የሚቆመው ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ ይህን ጌም የምናከብረው እንደ ሥዕል ነው።"

"ሥዕል አያልቅም፤ ጨዋታ ያልቃል። ልጄ የሠራው ማለቁን ነው።"

"ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሚመጣው ጎብኚ ታዲያ ምን ያያል?"

"ባዶ ግቢ።"

"ቲኬት ገዝቶ?"

"እኛ አገር የዘገየ ለቀስተኛ የሚያየው ያንኑ ነው" አልኋት። "እስካሁን ገንዘቤ ይመለስልኝ ያለ የለም።"

ሳቀች፤ አሳቤን ለበላይ እንደምታቀርብ ነገረችኝ። ይህንን መልስ እኔም ለብዙ ሰው ሰጥቼዋለሁ።

እሑድ እትዬ ስንዱ ዘንድ ደወልሁ። የብሩክን ነገር ጠየቁኝ፤ የጌሙንም የሙዚየሙንም ነገር አልደበቅሁም።

"እኔም አለሁበት?" አሉኝ።

"አሉበት፣ እትዬ።"

"እና በየማለዳው መርዶ ይነግሩኛል?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ጥቁሬን ከቀየርሁ ሰነበትሁ፣ ደምሴ። ዶሮ ይዣለሁ። እንቁላል እየሸጥሁ ነው። ያችን ሴትዮ ምነው አንድ ሰው ቢያሳርፋት።"

ለሙዚየሙ ማመልከቻዬን በማግሥቱ አስገባሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሽኑ ሦስት ቀን ሳይጠፋ ይቆይ፤ ድንኳኑ ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ ባዶው ግቢ ይታይ። ብሩክ የሰማው ከሙዚየሙ ነው። አንድ ምሽት አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባዬ፣ የሙዚየሙ ኮሚቴ ጌሙን ሪቪው እያደረገው ነው እኮ። ፐርማነንት ኮሌክሽን፣ ቋሚ ስብስባቸው፣ ከገባ መቶ ዓመት ይቀመጣል።"

"መቶ ዓመት ለቅሶ?"

"እንደዚያ አይደለም። አጎቴ አይረሱም ማለቴ ነው። እርስዎ ኮምፕሌይን ሲያደርጉ እኔ አስቸጋሪ አርቲስት እመስላለሁ።"

"እንዲነሣ አድርገህ የሠራኸው አንተ ነህ።"

"ለእርስዎ ሠራሁት፤ ለእርስዎ ተነሣ።" መስኮቱን አየ። "ሌላው እንግዲህ የእነሱ ነው።"

ልፈርድበት አልቻልሁም። ያ ሙዚየም ለእርሱ የገባበት አገር የሰጠው የመጀመሪያ በር ነው።

ኮሚቴው ሁለታችንንም ጠርቶ በሻይና በብስኩት ተቀበለን። ለቅሶ የምንቀመጠው ሐዘንተኛውን ለማስነሣት እንደሆነ፣ ሙዚየሙም መጨረሻውን ቆርጦ ካስቀረ ልጄ የሠራውን ሳይሆን ግማሹን እንደያዘ አስረዳሁ። አንደኛው አባል በቅን ልቦና "ጎብኚው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ቀን የሚያልፍበት ቁልፍ ቢደረግለትስ?" አለ።

"ሁለቱን ቀን ያልተቀመጠ ሰው ድንኳን አይነቅልም" አልሁ።

ሰብሳቢዋ ወደ ብሩክ ዞራ የአርቲስቱ አቋም ምን እንደሆነ ጠየቀች። ብሩክ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። "ውሳኔውን ለእናንተ እተወዋለሁ" አለ። እኔ በሰብሳቢነቴ ዘመን ይህን ቃል ከባለጉዳይ ስሰማ ብዕሬን እከድን ነበር። እርሷም ከደነች።

ከዚያ ወዲህ በቻልሁ መጠን ሙዚየሙ ሲከፈት እገኛለሁ። መርዶው ሲነገር ወንበሩን የሚይዝ ሰው ከሌለ እትዬ ቀና ብለው ያዩታልና። ቁጭ ብዬ ካርታ እጫወታለሁ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት የዐውደ ርእዩ አካል መስዬአት ፎቶ ላንሣዎት ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ወንበሩን ሲፈልገው እለቅለታለሁ፤ ብዙዎቹ ካርታው አንድ ዙር ሳይታደል ይሄዳሉ። ማታ ዘበኛው መብራት ሲያጠፋ ድንኳኑ እንደተተከለ ይጨልማል።

ውሳኔው በጽሑፍ ደረሰን። ሥራው በቋሚ ስብስብነት እንዲመዘገብ፤ ማሽኑ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በመዝጊያ ሰዓት እንዲጠፋ፤ ሦስተኛውን ቀን በሚመለከት በግድግዳው ማብራሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር፤ አመልካቹም ያለ ክፍያ እንዲገባ ተወስኗል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም። የተሰጠው ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ነው።