የተቀደዱት መጨረሻዎች

«እማ፣ ገዳዩ ሳይታወቅ መጽሐፉ ተነበበ ይባላል?» አለችኝ ልጄ።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ አምስት የወንጀል ልቦለዶች ለማንበብ አቅጄ ነበር፤ ጾሙ ከገባ ከዳዊት በቀር አላነብም። የአራተኛው መጨረሻ ግን ተቀዶ አገኘሁት። መተማ ዮሐንስ፣ ኬላው አጠገብ ይህን አንዱን ወደሸጡልኝ መጽሐፍ ሻጭ ሐጂ ሄድሁ።

«እኔው ነኝ የቀደድሁት» አሉኝ ሳይደነግጡ። «ሰዉ ቆሞ መጨረሻውን ያይና ሳይገዛ ይሄዳል። ገዝቶ፣ አንብቦ ለመጣ መጨረሻውን እሰጣለሁ።»

«እንግዲያ የእኔን ይስጡኛ!»

«ንፋስ ደባለቀብኝ። እስቲ ራስሽ ፈልጊ» ብለው አንድ ፌስታል ሙሉ ገጽ አስታቀፉኝ።

ቤት ወስጄ ግራ እየገባኝ ሁሉንም አነበብሁ። ገና ያልገዛኋቸው መጻሕፍት ገዳዮች በሙሉ ተያዙ፤ የእኔው ብቻ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ገዳያቸው የታወቀውን መጻሕፍት ሁሉ እንደተነበቡ ቆጠርሁና፣ ጾሙ ገና ሳይገባ ዳዊቴን ገለጥሁ።