ዳምቦያ ለሽምግልና የላክኋቸው የብዕር ዐዋቂ

ጋሽ ኤርሲዶ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሆሳዕና በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግራችሁ በከባድ ሐዘን ነው፤ ሐዘኔን ግን እሳቸው ራሳቸው አላስጨረሱኝም። ሊጸልዩላቸው የመጡት መጋቢ እንደነገሩን፣ ጸሎቱ አልቆ «አሜን» ከተባለ በኋላ ጋሽ ኤርሲዶ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው የመጋቢውን የደረት ኪስ ሲመለከቱ ቆዩና «ክዳኑ የሌላ ብዕር ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነገር የለም። መጋቢው ይህን ሲያወሩ ለቅሶ ቤት የነበርን ሁሉ አፋችንን በነጠላና በኮት እጅጌ ሸፈንን።

አንዳንዶቻችሁ የምታውቋቸው በፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊነታቸው ነው። አብዛኞቻችሁ ግን የምታውቋቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በሀጂ ሱሩር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። እዚያ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ ብርጭቆ ውኃና ቀለም የጠገበ ጨርቅ ነበራቸው። ድሮ መምህር ሲመረቅ፣ ጸሐፊ ሲሾም የሚሰጠው የእንግሊዝ የቀለም ብዕር ነበር፤ ያ ብዕር ዛሬም በየሽማግሌው ኪስና በየሳጥኑ አለ። ከጃጁራም ከሺንሺቾም ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። እሳቸው የወርቁን ጫፍ ከብዕሩ ነቅለው ያጥባሉ፣ በመነጽር ያያሉ፤ ከዚያም ጫፉ ከፋብሪካ አብሮት የወጣ ይሁን ወይም በኋላ የተተካ ይናገራሉ። ጫፉ ላይ የሠሪው ስምና የመጠኑ ቁጥር ካለ ደስ ይላቸዋል። የወርቁ መጠን ብቻ ተጽፎበት የሠሪው ስም ከሌለ ግን ራሳቸውን ይነቀንቁና «ወርቅ መሆኑን ይናገራል፤ የማን መሆኑን ግን አይናገርም» ይላሉ።

በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ከጃጁራ የመጡ አንድ የቀድሞ ርእሰ መምህር የብዕራቸውን እውነት ከሰሙ ወዲህ ሰላምታ ነፍገዋቸው ነበር። ይሁን እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። አንዲት ሴት ከሺንሺቾ የሟች ባሏን ብዕር ይዛ መጥታ ጫፉ የራሱ እንዳልሆነ ሲነግሯት አለቀሰች። እሳቸውም «ባለቤትሽ የጻፈልሽ በዚህ ነው፤ ማንም ቀይሪው ቢልሽ እንዳትቀይሪ» አሏት። ጫፉን አቃንተው፣ ቀለም ሞልተው፣ እስከ መናኸሪያ ሸኟት።

እኔ በመዝገብ ቤቱ በእሳቸው ሥር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ፣ ምሕረትን ለማግባት ስነሣ እንደ አባት የሚሄድልኝ ማን እንደሆነ ስጠየቅ የመጣልኝ የእሳቸው ስም ብቻ ነበር። ችግሩ የምሕረት አባት የአቶ ላታሞ ኪስ ነው። አቶ ላታሞ ዳምቦያ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሲመረቁ የተሸለሙትን የእንግሊዝ ብዕር ሳይሰኩ ከደጅ አይወጡም። አጎቴ አደጋው ቀድሞ ታየው። «ወይ ሰውየውን ተዋቸው፣ ወይ መነጽራቸውን ደብቅ» አለኝ። ጋሽ ኤርሲዶን ለመንኳቸው፤ ከገቡበት እስኪወጡ ወለሉን ብቻ እንዲመለከቱ ቃል አስገባኋቸው።

በልማዱ አግቢው አብሮ ስለማይገባ እኔ ከገበያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የሆነውን በኋላ ከአጎቴም ከጋሽ ኤርሲዶም ሰምቼዋለሁ፤ ወሬያቸው አይለያይም። ነገሩ በደኅና ተጀመረ። አቶ ላታሞ ስለ ጎሳዬና ስለ ቤተ ክርስቲያኔ ጠየቁ፤ ዝምድና እንዳይኖር የሚያጣሩበትን የዘር ስም ሊመዘግቡም ብዕራቸውን አወጡ። ጋሽ ኤርሲዶ ወለሉን አዩ። ብዕሩ ወረቀቱን መቧጨር ሲጀምር ደግሞ ጣሪያውን አዩ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። በዚህ ባለቀ ነበር፤ አቶ ላታሞ ግን የብዕር ሰው መሆናቸውን ሰምተው ኖሮ፣ እስቲ ይህን እንዴት ያዩታል ብለው በገዛ እጃቸው አቀበሏቸው።

ጋሽ ኤርሲዶ ብዕሩን በጣታቸው ደጋግመው አገላበጡት። በመጨረሻ «ልጅቷን ይስጡንና እነግርዎታለሁ» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። አቶ ላታሞም ሳቁ፤ ግን መጀመሪያ ይንገሩኝ ብለው ያዟቸው።

«አካሉ የራሱ ነው፤ ክዳኑም የራሱ ነው። ጫፉ ግን የሌላ ነው።»

አቶ ላታሞ ብዕሩን ተቀብለው፣ ከድነው፣ ኪሳቸው ከተቱና ተመካክረን እናሳውቃችኋለን አሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አጎቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሲመጣ ከሩቁ ገባኝ። ጋሽ ኤርሲዶ መኪና ውስጥ ሆሳዕና እስክንደርስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አንተ አልሰማኸውም እንጂ በጣም ይቧጭራል።»

ሁለት ሳምንት አላነጋገርኳቸውም። ምሕረት ደውላ፣ ሽማግሌህ አባቴን ምን አደረጓቸው ብላ ጠየቀችኝ። አባቷ ምግብ ትተው፣ የድሮ ደብተሮቻቸውን ከሳጥን አውጥተው ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር። እኔ የተቆጡ መስሎኝ ተስፋ ቆረጥኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሀጂ ሱሩር ደወሉና፣ አማትህ ሊሆኑ የነበሩት ሰውዬ በረንዳዬ ላይ ናቸው አሉኝ። ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ሁለቱ ሽማግሎች በአንድ መነጽር ላይ ተደፍተዋል። ጋሽ ኤርሲዶ ጫፉን ነቅለው፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁር የቀለም መውረጃ እያሳዩ ነበር። እዚያ ላይ የድሮው ጫፍ ለዓመታት ተቀምጦ የተወው ምልክት አለ፤ ምልክቱ አሁን ካለው ጫፍ በግልጽ ይሰፋል። አቶ ላታሞ ምልክቱን ደጋግመው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «ታዲያ እጄ አይደለም?» አሉ።

«እጅዎ ምንም አልሆነም» አሏቸው ጋሽ ኤርሲዶ።

አቶ ላታሞ መሐረባቸውን አወጡ። ለካ በጉልምስናቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበሩ፤ ወፍራምና ቀጭኑ የተለየ ፊደላቸውን ለማየት ብቻ ደብተሩን የሚከፍቱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ብዕሩ ወድቆ ጫፉ ታጠፈ፤ በሰው እጅ አዲስ አበባ ልከው አስጠገኑት። ከተመለሰ በኋላ ፊደላቸው ቀጠነ፣ ተንጋደደ። የጫፉ መለወጥ ለማንም አልታየም። ምእመናኑ በፍቅር፣ እጅዎ ደክሟል፣ ለወጣት ይልቀቁት አሏቸው፤ ለቀቁት። ያን ሁሉ ዓመት በገዛ እጃቸው ሲያፍሩ ኖረዋል።

ጋሽ ኤርሲዶ ከኪሳቸው የራሳቸውን ብዕር አወጡ። ሠሪው አንድ፣ ቁጥሩም አንድ ነበር። ጫፉን ነቅለው ለአቶ ላታሞ ብዕር ገጠሙት፤ ያንን ቧጫሪ ጫፍ ደግሞ ለራሳቸው አደረጉት። አቶ ላታሞ ከሀጂ ሱሩር አንድ ወረቀት ተቀብለው መጻፍ ጀመሩ፤ ከልማድ የተነሣ የጻፉት ቃለ ጉባኤ ነው። አጀንዳ አንድ፦ የልጄ የምሕረት ጋብቻ። ውሳኔ፦ በሙሉ ድምፅ ተፈቅዷል። ሀጂ ሱሩርና ጋሽ ኤርሲዶ በተገኙበት ፈረሙ። ወረቀቱ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኤርሲዶ ብዕራቸውን ባወጡ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ጫፉ የራሱ አይደለም» ይሉ ነበር። ባንክ ቤት ሲፈርሙ እንኳ ለገንዘብ ተቀባይዋ ነግረዋታል። አቶ ላታሞም ወደ ቃለ ጉባኤያቸው ተመልሰዋል። በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ጋሼ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ። ያኔ በተኳረፍን ሁለት ሳምንት፣ ከቢሮ ስመለስ በሀጂ ሱሩር ሱቅ ማዶ ባለው ጥግ እያለፍኩ እንደነበር ያውቃሉ። በየቀኑ ከጠረጴዛዎ ብድግ ብለው እጅዎን ያነሡልኝ ነበር፤ እኔ ያላየሁ መስዬ አልፍ ነበር። ከዚያ ሠርጉ መጣ፣ ልጆቹ መጡ፤ እርስዎም አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሡብኝም፣ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ዛሬም ሽማግሌ ላክ ብባል የምልከው እርስዎን ነው፤ ወለሉን ይዩ አልልዎትም። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። እጅዎን ሲያነሡልኝ በየቀኑ አይቼዎታለሁ።