የአያቴ እንሰት በጠርሙስ ውስጥ

ባለፈው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ተማሪ የታሸገ ጠርሙስ ታቅፋ ከጎኔ ተቀመጠች። ረዳቱ «ቃሪያ ነው እንዴ?» ሲላት «ቡና ነው፤ ከቅጠል ቁራጭ የበቀለ» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ በሐሳብ ነጉጄ መውረጃዬን አለፍኩ።

ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዲህ ያለ ጠርሙስ ነበረኝ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነበር፤ ጉለሌ ባለ አንድ ትንሽ የዕፅዋት ላቦራቶሪ ተቀጥሬያለሁ። አባቴ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ጓሯችን ያለውን እንሰት ከጋሞ ደጋ፣ ከአባቱ ማሳ ነበር ያመጣው። አያቴ ከሞተ በኋላ ማሳው ባሕር ዛፍ ስለተተከለበት ያ እንሰት የቀረው እኛ ጋ ብቻ ነበር። በዚያ ክረምት ጎረቤት ያጠረው ግንብ ጎርፉን ወደ እኛ መለሰውና እንሰቱ ከሥሩ በሰበሰ።

አባቴ ቆፍሮ ሲያወጣው ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። «ደህና ቢሆን ቆርጬ እቀብረውና ያቆጠቁጥ ነበር፤ አሁን ምኑን ልቅበር?» አለ። መሀሉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነገር ተርፋለች።

«አባባ፣ እስቲ እሷን ስጠኝ» አልኩት።

አለቃዬ ወይዘሮ አስቴር ፈቀዱልኝ። አጥቤ፣ ከታትፌ፣ ቁራጮቹን ጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድን ባለው እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ላይ አስቀመጥኳቸው። አብዛኞቹ ጠቆሩ። አንዷ ግን አበጠች፤ ከዚያ አረንጓዴ ጫፎች አወጣች። ጠዋት ጠዋት ሹራቤን ሳላወልቅ እሷን ነበር የማየው። ቡቃያው በዛ፤ ሥር ግን የለም። ሥር ከሌለ ደግሞ አፈር ላይ አይጸድቅም።

«ቡቃያ እንዲበዛ የሰጠሽው ሆርሞን ነው ሥሩን የከለከላት» አሉኝ ወይዘሮ አስቴር። «ነጣጥያቸውና ምግባቸውን ቀይሪ።»

ቀየርኩ። ምሳ ሰዓት ቆጮ በዳጣ እየበላሁ እንኳ ልቤ እዚያው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ሳነሳው፣ ከቡቃያው ግርጌ እንደ ፈትል የቀጠነ ነጭ ሥር ወርዷል።

አባቴን አመጣሁት። ጫማውን አውልቆ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃኑ አነሳው።

«ሥር ማውጣት እንዳለባት በምን አወቀች?» አለኝ።

ስለ ሆርሞኑ ነገርኩት።

«እሺ፣ እሱ ነገራት እንበል። እሷስ እንዴት ገባት?»

ወደ ወይዘሮ አስቴር ዞርኩ። «እኛም ገና እየጠየቅን ነው» አሉት ፈገግ ብለው። አባቴ በመልሱ ደስ አለው መሰለኝ፤ እስከ ቤት ድረስ ስለዚያው ጥያቄ ብቻ አወራን።

ወደ አፈር ስናዛውራቸው ብዙዎቹ ጠወለጉ። የተረፉትን ሁለቱን አባቴ ከፍ ያለ ቦታ መርጦ ተከላቸው።

አባቴ ዛሬ የለም። ከእነዚያ ከሁለቱ የተባዙት ግን ጓሮውን ሞልተውታል። አያቴን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። በእጁ የተከለው እንሰት ግን፣ ከዘር ሳይሆን ከገዛ አካሉ የበቀለ ስለሆነ፣ ያው ራሱ ፊቴ ቆሞ ቅጠሉን ያወዛውዛል።