የአጎቴ የአስረስ ጾመ ድጓ

አጎቴ አስረስ በሃያ ዓመታቸው ጋይንት ውስጥ የዜማ ተማሪ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ትልቁን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ሳይጨርሱ ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለው መንደራቸው ተመልሰው ሞፈር ጨበጡ። ሃያ ስምንት ዓመት አረሱ። በሬ ሲያዞሩ እንኳ ያንኑ ያልጨረሱትን ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር።

ደርግ መሬት ባከፋፈለ በሰባተኛው ዓመት ልጃቸው ካሳሁን ጎጆ ወጣ፤ በሬዎቹንም ተረከበ። እህሉ ጎተራ እንደገባ አጎቴ «ሄጄ ድጓዬን እጨርሳለሁ» አሉ። ባለቤታቸው ፈንታነሽ ስንቅ እየቋጠሩ «ሽበትዎን ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉ እንጂ አልከለከሏቸውም።

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት መንገድ አይወጣም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደምሴ አብሮ አደጋቸው ነው።

«ለምን ጉዳይ ልበል?»

«ለትምህርት።»

«ፊደል ለመቁጠር ከሆነ መሠረተ ትምህርቱ እዚሁ አለልህ። ጋይንት ድረስ ምን አደከመህ?»

«አንተ ብቻ ማኅተሙን ምታ።»

«ዕድሜ አርባ ስምንት፣ ሥራ ተማሪ» እያለ ጻፈና መታ።

የዜማ ተማሪ ለምኖ ነው የሚበላው። አጎቴ ከረጢታቸውን አንግተው ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ሴቶቹ ጢማቸውን እያዩ መነኩሴ ይመስሏቸዋል።

«አባ፣ ይባርኩን።»

«ኧረ ተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ መቼ ሊያልቅልዎ ነው?» አለቻቸው አንዷ፣ እንጀራውን ጨምራ።

ከልመናው ይልቅ የከበዳቸው ድምፃቸው ነበር። ዜማው ከፍ ሲል ትንፋሻቸው መንገድ ላይ ይቀራል። ክረምት ሲገባ የልጆቻቸው እኩዮች የሆኑት ተማሪዎች በትምህርቱ ጥለዋቸው ሄደዋል። መምህሩ መሪጌታ ወልደሚካኤል አስጠሯቸው።

«አስረስ፣ ድጓውን ለምን ፈለግኸው?»

«ጀምሬ ስለተውኩት ነው፣ የኔታ።»

«የተወው የሃያ ዓመቱ ጎረምሳ ነው። እሱ ከበሮው መካከል ቆሞ መታየት ያምረው ነበር። አንተን ምን ያምርሃል?»

አጎቴ ሦስት ቀን አስበው ተመለሱ።

«በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሁዳዴ ሲገባ ዜማ የሚመራ የለም። ቄሱ አርጅተዋል። ጾሙ ዝም ብሎ ያልፋል፤ እሱ ያሳዝነኛል።»

«የሁዳዴውን፣ ጾመ ድጓን፣ ተምረህ የለም?»

«ነካ አድርጌ አለፍኩት። ከበሮ የለው፣ ጽናጽል የለው፤ ድጓው ጋ ለመድረስ ቸኮልኩ።»

መሪጌታ ሳቁ። «ለዚህ ዕድሜህ የሚሆነውን ዘለህ ነዋ የሄድኸው። በል ተመለስና ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ፣ በዝግታ የሚዜም ነው። ያ በሬ ላይ ሲጮህ የጎረነነ ድምፅ እዚያ ውስጥ ስፍራውን አገኘ። ሰው ድምፁን ለውጦ ዜማው ላይ ለመድረስ ሲደክም አይቻለሁ፤ ዜማ እንዲህ ቁጭ ብሎ ሰውን ሲጠብቅ ግን አላየሁም ነበር።

በዓመቱ፣ በሁዳዴ መግቢያ፣ በዘወረደ እሑድ፣ አጎቴ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲመሩ እኔም ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ ጠበቃቸው። ፈንታነሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው ነበር።

ደምሴ ሊቀመንበር ነውና ቅጽር ውስጥ መታየት አይሻም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲሰማ ቆየ። ስንወጣ ከአጎቴ ጎን ገባ።

«አስረስ፣ ረዘመ እኮ።»

«ምን አቻኮለህ? ገና ሃምሳ አምስት ቀን አለን» አሉት አጎቴ።