አጥንት ውስጥ የተጠራ ደቦ

ፎገራ ላይ ወገቤን አመመኝ ብሎ የሚያዝንለት የሚያገኝ ሰው የለም። ነሐሴን ሙሉ ውኃ ውስጥ አጎንብሶ ሩዝ ሲያርም የከረመ አገር ማን ለማን ይዘን? አባቴ ወገባቸውን ሲይዙ እናቴ «የኔስ ወገብ ከብረት ነው?» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ የሩዝ ነው፣ ይተዋል አለ። ወጌሻ አሻቸው፣ ቅቤ ተቀቡ፤ ሕመሙ ግን ባሰ። አጨዳ ሊደርስ ሲል ከአልጋቸው የሚነሱት በሰው ድጋፍ ሆነ።

እኔ ጎንደር ከተማ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪየን ስለ ሰውነት መከላከያ እማር ነበር። ቁጡ ነኝ፤ ይህን የማያውቅ ዘመድ የለኝም። ወጌሻው እንደገና ሊያሽ ሲመጣ ከደጅ መለስሁትና አባቴን ከወረታ በሚኒባስ ይዤ ጎንደር ገባሁ። ደማቸውን በማይክሮስኮፕ ያየሁት ራሴ ነኝ። ቀያዮቹ ሕዋሳት ተለያይተው መታየት ሲገባቸው መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባብረዋል። ምን ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበርና ፈራሁ። የመቅኔው ምርመራም የፈራሁትን አረጋገጠ። ጀርም የሚዋጋውን ፕሮቲን የሚሠሩት ፕላዝማ ሕዋሳት ወደ ካንሰር ተለውጠው አጥንታቸውን እየበሉት ነበር።

ሐኪሟ በየሳምንቱ መርፌ፣ ከመርፌውም ጋር ኪኒን አዘዘች፤ ማቋረጥ የለም አለች። አባቴ እሺ ብለው ወጡ። አገር ቤት ሲገቡ ግን «ሩዙ ሳይታጨድ የትም አልሄድም» አሉ።

ጎረቤቶች እናጭድልዎ ብለው መጥተው ነበር፤ አባቴ ናቸው የመለሷቸው። ወንፈል ማለት የሠራልህን ሰው በራስህ ጉልበት መመለስ ነው። ለታመመ ሰው ደቦ ቢወጣ ነውር እንደሌለው አባቴም ያውቃሉ፤ ያ ግን በሳቸው ቤት ለሌላ ሰው ነው። «የማልመልሰውን የሰው ላብ በልቼ አልሞትም» አሉኝ። ለመንኋቸው፣ አለቀስሁም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መድኃኒቱ ቢዘገይ እንደማጣቸው ስለማውቅ ንዴቴ መጣ።

«አባየ፣ እርስዎ ደቦ አልጠራም ይላሉ። በሽታው ግን አጥንትዎ ውስጥ ደቦ ጠርቶ ተቀምጧል» አልኋቸው።

ቀና አሉ። «ምን ማለትሽ ነው?»

የማጠናውን ነገር ነገርኋቸው። ሰውነታችንን የሚጠብቁ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ ጠላት ስላዩ ብቻ አይነሱም። ከጎረቤት ሕዋስ ሁለተኛ ምልክት፣ በርታ የሚል፣ ይጠብቃሉ። ደቦ ተብሎ ቢጠራ ጠላ መጠመቁን ሳያረጋግጥ ማን ይመጣል? ምልክቱን የሚይዙበት መቀበያ ደግሞ ገላቸው ላይ አለ። ካንሰሩ የሚያደርገው ተንኮል ይህ ነው፤ በተለይ ሲበረታ የጠባቂዎቹን መቀበያ ራሱ ላይ ያበቅላል። የመቅኔ ጎረቤት ሕዋሳትም ወገን መስሏቸው ምልክቱን ይሰጡታል፤ በዚያ ይጠነክራል፣ መድኃኒትም ይቋቋማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለክፉም ይሠራል።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። «እንግዲያ የኔኑ ቤት ጠላ እየጠጣ ነው እኔን የሚጥለኝ?»

«አዎ።»

«ጠላውን የሚደፋበት መድኃኒት የለም?»

«ገና እየተሞከረ ነው፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም። የታዘዘልዎ መርፌ ግን ካንሰሩን ይገድለዋል፤ ኪኒኑም የራስዎን ጠባቂዎች ይቀሰቅሳል። እርስዎም ሰው ይጥሩ።»

ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ሌባው ጠርቶ እኔ ባለቤቱ ልፈር?» አሉና እናቴን ጌሾ እንድትወቅጥ አዘዙ።

ኅዳር ላይ ሩዙ በደቦ ሲታጨድ አባቴ ጎንደር መርፌያቸው ላይ ነበሩ። ኪኒኑ እንቅልፍ ሲነሳቸው እናቴን በወሬ ፈጇት። ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሜዳውን ውኃ ሲያለብሰው ጎረቤቶች በቃሬዛ ከውኃው አሻግረው አስፋልት ያደርሷቸው ነበር። አንድም መርፌ አላመለጣቸውም።

መስከረም ላይ ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ካንሰሩ የሚረጨው ክፉ ፕሮቲን ጠፍቷል አለችን። ኮሪደር ላይ ወጥቼ እልል አልሁ። ዘበኛው ተቆጣኝ፤ እኔም ተቆጣሁትና ደገምሁት። አባቴ «ሞተ ማለት ነው?» አሉኝ። ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ እንደማይቀር፣ ለጊዜው ተኝቷል እንደሚባል ነገርኋቸው። «እሱ ይተኛ፤ እኔ ብዙ ተኝቻለሁ» አሉ።

አጨዳው እንደ ደረሰ ዓምና በደቦ ያጨደልን የመሬት አዋሳኛችን ደጃችን ድረስ መጣ። «ነገ የኔ ወንፈል ነው፤ እንዳይቀሩ» አላቸው። አባቴ ወገባቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ፤ ማጎንበስ ተከልክለዋል።

«ለወገብ አይደለም፤ እንደርስዎ ያለ ዘፈን አውራጅ የለንም» አላቸው።

አባቴ «እመጣለሁ» አሉ። እኔ ይህን ሰውየ እስካሁን እንደ ወንድም እወደዋለሁ።

በማግሥቱ ከማሳው ዳር ቆመው ዘፈኑን አወረዱ። ድምፃቸው መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ተስተካከለና ሜዳውን ሞላው፤ የአጫጆቹ እጅም ከዜማው ጋር ፈጠነ። እኔ ከጎንደር የመጣሁት ቁጭ በሉ ልላቸው ነበር። አላልሁም፤ ከእናቴ እጅ ማጭድ ተቀብየ ከሰልፉ ገባሁ።