ገብረወልድና ቤራልዲው

ቡታጅራ ላይ ሳይክል የሚገዛ ሰው ብሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ገብረወልድን ያማክራል። እንዲህ ይደረግ ብሎ ያወጀ የለም፤ ግን ሁሉም ያደርገዋል። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ ሳይክሉን አቁሞ ተራውን ይጠብቃል። ገብረወልድ አይቸኩልም። የያዘውን ሥራ ይጨርሳል፣ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ በጨርቅ ያደርቃል። ከዚያ ጎንበስ ይልና ቴላዮውን፣ ያንን ጎማና መሪ ሁሉ የሚንጠለጠልበትን ዋና አጥንት፣ ከመሪው ሥር እስከ ኋላ ጎማው ድረስ በጣቱ አንጓ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገ ያዳምጠዋል። ቀና ሲል ፍርዱ ተሰጥቷል። «ይሸከማል» ካለ ይገዛል። ዝም ካለ አይገዛም። «ወስደህ ዶሮ ቤት ክደንበት» ካለ ደግሞ ባለቤቱ ለሳምንት የሰፈሩ መሳቂያ ይሆናል።

ክፉ ሰው አይደለም። ተማሪ ጎማው ቢተነፍስ በነጻ ይነፋለታል፣ ከገጠር የመጣ ሰው ዕቃውን ሱቁ አስቀምጦ ቢሄድ አንድ ነገር አይጎድልበትም። ግን አንድ በሽታ ነበረበት። በሽታው ስም ነበር፤ የሰው ሳይሆን የሳይክል ስም።

ይህም ከልጅነቱ ይጀምራል። ቸሃ ተወልዶ በአሥራ አራት ዓመቱ እንደ ሀገሩ ልጅ ሁሉ አዲስ አበባ ገባ፤ ወልደማርያም የሚባሉ ሳይክል ጠጋኝ ዘንድም ተቀጠረ። ወልደማርያም የአንድ ስፖርት ክለብ የእሽቅድምድም ሳይክሎችን ይጠግኑ ነበር። ሳይክሎቹ ቤራልዲ ይባላሉ፤ የጣሊያን ሥራ ናቸው፤ ቀለማቸው ውሃ ሰማያዊ፣ ስማቸው በነጭ ፊደል ጎናቸው ላይ የተጻፈ። ገብረወልድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤራልዲ አጠበ፣ ቤራልዲ በዘይት ወለወለ፣ የቤራልዲ ጎማ ነፋ። አንድ ቀን እንኳ ግን ቤራልዲ ላይ አልተቀመጠም። ጌታው አይፈቅዱም ነበር፤ «ይሄ ያንተ ቂጥ አይደለም የሚቀመጥበት» ይሉት ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ቂም ይዞ ሳይክሉን ይጠላ ነበር። እሱ ግን ወደደው። ወልደማርያም ሲሞቱ መፍቻዎቻቸውን ይዞ ቡታጅራ ወረደ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሸበተ፤ ፍቅሩ ግን አልለቀቀውም።

ከዚያ ማውንቴን የሚሉት መጣ። በካርቶን ተፈታትቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በመቶ በመቶ የሚራገፍ ሳይክል። ወፍራም ጎማ፣ የፊት ሞላ የሚመስል ነገር፣ ከላይ እስከ ታች በተለጣፊ ያሸበረቀ። ሰው ተሻማበት። ቤንዚን ሲጠፋ፣ የባጃጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ በርበሬ ነጋዴው፣ ሁሉም ማውንቴን ላይ ወጣ። ገብረወልድም ይጠግነዋል፤ መብላት አለበት። ሲጠግን ግን አፉ አያርፍም።

«ሃያ አንድ ማርሽ ይላል፤ ሦስቱ ከሠሩ ደስ ይበልህ። ሞላውን እየው፣ ለጌጥ ነው። ብረት አይደለም ይሄ፣ የቲማቲም ጣሳ ነው» ይላል። ሰዉ ይስቃል። ባለቤቱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ብረቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሌላው ላይ ነው። ያ ጣሳ ስንት ቤት እንጀራ እያስገባ እንደሆነ በየቀኑ በዓይኑ እያየ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተገለጠለትም። ለዚህ ነው ታሪኩን ስናገር የምናደደው።

ሙባሪክ ከዘቢዳር ተራራ ሥር፣ ከመስቃን ገጠር የሚመጣ የበርበሬ ገበሬ ነው። በርበሬው የታወቀ ነው፤ ሴቶች ከሩቅ በቀለሙ ይለዩታል። በገበያ ቀን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ማውንቴኑ ላይ አስሮ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ሲመለስ ስኳርና ሳሙና ጭኖ እየገፋ ይወጣል። አራት ዓመት እንዲህ ሠራበት። ማርሹ ሞቶ በሽቦ አንድ ቦታ ላይ ታስሯል፣ መቀመጫው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ተለጣፊው ረግፎ አልቋል። አንድ ቀን እንኳ ግን መንገድ ላይ ጥሎት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት በመስቀል ማግሥት፣ ከተማው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ሙባሪክ ፍሬን ሊያስጠብቅ ገብረወልድ ዘንድ መጣ። በሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ገብረወልድም ተመልካች ሲያገኝ አያስችለውም።

«ሙባሪክ፣ ይሄን ነገር አሁንም ሰው ፊት ታወጣዋለህ?»

«ምን ላድርግ ጋሽ ገብሬ፣ በርበሬው በእግሩ አይመጣ።»

«አንተ በርበሬ ስትሸጥ አንደኛውን ከሦስተኛው ትለያለህ። ሦስተኛውን ሰው ፊት አታወጣም፤ ታፍራለህ። ራስህ ግን ሦስተኛ ላይ ተቀምጠህ ትመጣለህ። ሰው አንዴ ይገዛል፤ ከገዛም ስም ያለው ይገዛል።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሙባሪክም ፈገግ አለ፤ ጆሮዎቹ ግን ቀሉ። ስለ ሳይክሉ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር፤ በበርበሬው ነው የነኩት። ፍሬኑ ሳይጠብቅለት ሳይክሉን እየገፋ ሄደ።

በወሩ ጊደሩን ሸጠ። ጀማሉ የሚባል ያገለገሉ ሳይክሎችን ከአዲስ አበባ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ ሙባሪክ የጊደሩን ብር በኪሱ ይዞ፣ ማውንቴኑንም በርካሽ ለአንድ ጉልት ነጋዴ ለቆ፣ ጀማሉ ያመጣለትን ሳይክል እየነዳ ገብረወልድ በር ላይ ቆመ። ጀማሉ ከኋላው ነበር።

ገብረወልድ ቀና ሲል ከእጁ መፍቻው ወደቀ። ውሃ ሰማያዊ። በነጭ ፊደል፦ ቤራልዲ። ወፍራም ጎማ ያለው፣ ለጭነት የሚሆን ቤራልዲ ይኖራል ብሎ አስቦም አያውቅም። በእጅጌው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፍሮም አልደበቀውም። ጎማውን አሽከረከረ፣ ፍሬኑን ጨበጠ፣ ካቴናውን ነካ ነካ አደረገ።

«አንዴ ልሞክረው?» አለ።

«ይሞክሩት እንጂ ጋሽ ገብሬ!» አለ ሙባሪክ። ደስታው ከገብረወልድ አይተናነስም ነበር።

ገብረወልድ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤራልዲ ላይ ወጣ። መናኸሪያውን ሁለቴ ዞረው። ባጃጆች ጡሩምባ ነፉለት፣ የሚያውቁት ሴቶች እልል አሉ። ሲወርድ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር።

«ይሄ ላንተም ለልጅህም ይሆናል» አለ። ሙባሪክ እዚያው ብሩን ለጀማሉ ቆጥሮ ሰጠ።

ጀማሉ ሳቀ። «ዛሬስ ሳያንኳኩ አለፉት!»

«ቤራልዲ አይንኳኳም» አለ ገብረወልድ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ ሙባሪክ እንደወትሮው ሁለት ማዳበሪያ በርበሬ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሳይክሉ ከመሪው ሥር ለሁለት ተከፈለ። የፊት ጎማው ብቻውን ሄደ። ሙባሪክ ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ድልድይ አፍ፣ ድንጋይ ላይ በጀርባው ወደቀ፤ ሁለቱ ማዳበሪያ በላዩ መጣበት። ሰዎች አንስተው ቡታጅራ አደረሱት፣ ከዚያም አዲስ አበባ። ከወር በላይ ተኝቶ ተመለሰ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከእንግዲህ የሱ አይደለም ተባለ።

የተሰበረውን ሳይክል ጀማሉ በጋሪ አስጭኖ ገብረወልድ ዘንድ አመጣው። «ብየዳ ይይዘው ይሆን?» አለ።

ገብረወልድ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞረው። አርባ ዓመት ብረት ያየ ዓይን ይህን ለማንበብ ጊዜ አይፈጅበትም። አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል። ከቴላዮው ቧንቧ ሩቡ ያብረቀርቃል፤ ሦስት እጁ ዝጎ ጠቁሯል። ዝገቱ ላይ ነጭ ስቱኮ ተሞልቷል፤ ስቱኮው ላይ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ሳይክሉ ወደ ቡታጅራ ከመምጣቱ በፊት የተሰነጠቀ ነው። አንዴ ቢያንኳኳው፣ አንዴ ብቻ፣ ድምፁ ይነግረው ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጀማሉ፣ ይሄ ድሮ የተሰነጠቀ ነው» አለ።

ጀማሉ አየው፣ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወዲያው ግን ራሱን ሰበሰበ። «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ እንደመጣልኝ ነው የሸጥኩት። ደግሞ ሰዉ ጭነት በዝቶበት ነው እያለ ነው። ይበል። ለርስዎም ለኔም የሚሻለው እሱ ነው።»

እውነትም ማንም ጣቱን ገብረወልድ ላይ አልቀሰረም። ጭነት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው ተባለ። እሱ ዝም ካለ ነገሩ እዚያው ተቀበረ ማለት ነው። ከተናገረ ደግሞ ስሙ አለቀ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የከተማው ሰው ሁሉ አምኖ የተቀበለው ቃሉ አፈር በላ። ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ ጥግ አስገባው። ሁለት ወር ምግብ አልበላ አለው። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው ጨጓራ ነው ይላታል። ሰው ሳይክል ሲያመጣለት እያንዳንዱን ሁለቴ ሦስቴ ያንኳኳል፤ ሰዉም «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው!» እያለ ይበልጥ ያደንቀዋል። ይህ ነበር የሚገድለው።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ስኳርና ብርቱካን ገዝቶ በእግሩ ወደ ሙባሪክ ሀገር ወጣ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር።

ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። ሙባሪክ መደብ ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ገብረወልድን ሲያይ ግን ያ ፊት በራ።

«ጋሽ ገብሬ! ይምጡ፣ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ። ይኸውላችሁ፣ ሰውዬው እሳቸው ናቸው!» አለ ለጎረቤቶቹ። «እኔን ያተረፈኝ አላህ ነው፤ ሰበቡ ግን እሳቸው ናቸው። በዚያ ቁልቁለት በድሮው ጣሳ ብሆን ኖሮ ዛሬ ሬሳዬ እንኳ አይገኝም ነበር። ዕቃው ኦርጅናል በመሆኑ ነው የተረፍኩት።»

ጎረቤቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኦርጅናል ሌላ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ወንድሜ አሚኑም ሊገዛ ነው» አለ ሙባሪክ። «ከጋሽ ገብሬ ቃል እንዳትወጣ ብዬዋለሁ።»

ገብረወልድ አፉን ከፈተ። መንገድ ላይ ያጠናው ሁሉ ጠፋው። የቀረበለትን ሻይ አንስቶ ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠው። «ፈጣሪ ይማርህ» አለና ተነሳ።

የሙባሪክ ሚስት ሰልሚያ ከእንሰቱ ማሳ ጫፍ ድረስ ሸኘችው። እዚያ ሲደርሱ ቆመ። አሁን ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር ገባው።

«ሰልሚያ፣ ሳይክሉን ጭነት አይደለም የሰበረው። ድሮ የተሰነጠቀ ነበር፤ በስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውበታል። እኔ አላየሁትም። ሳላይ ነው ይሆናል ያልኩት። አሁን ተመልሼ ገብቼ ልነግረው ነው።»

ሰልሚያ አልጮኸችም። ሻርፗን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ምኑን ይነግሩታል?» አለች። «እኔ ነግሬው ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ባመጣው በሁለተኛው ቀን ጭቃውን ሳጥብለት ቀለሙ በጥፍሬ ተነሳ። ከሥሩ ነጭ ነገር አየሁ። ‹ና እየው፣ ይሄ ሳይክል ቁስል አለው› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ጋሽ ገብረወልድ ያላዩትን አንቺ ልታይ ነው?› አለኝ። እኔም አፈርኩና ዝም አልኩ።»

ገብረወልድ እርግማን ጠበቀ። ቢመጣለት ይወድ ነበር፤ እርግማን እንኳ ሲሰሙት ያልቃል። ሰልሚያ ግን ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች፣ ባሏን በሌላ ጎኑ የምታገላብጥበት ሰዓት ደርሷልና በደህና ይግቡ ብላው ወደ ቤት ተመለሰች።